ጀግናውን የገደለውና ያስነሣው ደራሲ

ተማሪዎች፣ አንድ ልብ ወለድ አንብባችሁ ስትጨርሱ፣ የወደዳችሁት ጀግና በመሞቱ አዝናችሁ ደራሲውን በልባችሁ የወቀሳችሁበት ጊዜ ይኖር ይሆናል። ድርሰት ስትጽፉ ደግሞ የታሪኩ ማሰሪያ ሲቸግራችሁ ጀግናውን ገድላችሁ ብዕራችሁን ያስቀመጣችሁበት ጊዜ አይጠፋም። ለመሆኑ የልብ ወለድ ጀግና በታሪኩ መጨረሻ መሞት አለበትን? በዚህ ጥያቄ በገዛ ሕይወቱ የተፈተነ አንድ ደራሲ ነበር። የሕይወት ታሪኩን በጥሞና አንብቡና ፍርዱን እናንተ ስጡ። ስለ እርሱ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም አስተውሉ።

አርተር ኮናን ዶይል በ1859 በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤዲንብራ ተወለደ። አባቱ የሥዕል ተሰጥዖ የነበረው የመንግሥት ሠራተኛ ሲሆን፣ በመጠጥ ምክንያት ቤተሰቡን በወጉ ሊያስተዳድር አልቻለም። እናቱ ግን መጻሕፍት ወዳድና ተረት ዐዋቂ ነበረች። በችግር መካከል ለልጇ የጥንት ጀግኖችን ታሪክ እያጣፈጠች ትተርክለት ነበር። የተረት ፍቅር በልቡ ያደረው ከእናቱ አንደበት ነው።

ዕድሜው ለከፍተኛ ትምህርት ሲደርስ በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተማረ። በዚያም ጆሴፍ ቤል የተባለ የቀዶ ጥገና መምህር ገጠመው። ይህ ሰው በሽተኛው ገና አንድ ቃል ሳይናገር አረማመዱን፣ እጁንና ልብሱን ተመልክቶ ሥራው ምን እንደ ሆነና ከየት እንደ መጣ ለመናገር የሚችል ብርቱ አስተዋይ ነበር። ወጣቱ ተማሪ በመምህሩ ችሎታ ተደነቀ፤ የተደነቀበትንም ነገር በልቡ አኖረው።

ትምህርቱን በ1881 ጨርሶ በተከታዩ ዓመት በፖርትስመዝ ከተማ የሕክምና ቤት ከፈተ። ሆኖም በሽተኞች እንደ ልብ አልመጡለትም። ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥበትን ሰዓት ታሪክ ይጽፍበት ጀመር። በ1886 የመምህሩን የማስተዋል ኃይል አስታውሶ ሼርሎክ ሆልምስ የሚባል ወንጀል መርማሪ ፈጠረ። ታሪኩን የሚተርክ ዋትሰን የተባለ ሐኪም ጓደኛም ሰጠው። የመጀመሪያውን ረጅም ታሪክ ሙሉ መብት የሸጠው በ25 ፓውንድ ብቻ ነበር፤ ታሪኩም በ1887 ታተመ።

ዝናው የገነነው ግን በ1891 ስትራንድ በተባለው የለንደን መጽሔት አጫጭር የሆልምስ ታሪኮችን ማሳተም ሲጀምር ነው። ሕዝቡ የመጽሔቱን መውጫ ቀን በናፍቆት ይጠብቅ ጀመር። ደራሲውም የሕክምና ሥራውን ትቶ በብዕሩ ለመተዳደር በቃ።

አሁን ወደ ፈተናው እንደርሳለን። አንባቢ በሆልምስ ሲደሰት ፈጣሪው በሆልምስ ሰለቸ። ለእያንዳንዱ አጭር ታሪክ የሚያስፈልገው የሤራ አወቃቀር ለአንድ ረጅም መጽሐፍ ከሚያስፈልገው አያንስም ነበር። ከዚህም በላይ የኮናን ዶይል ምኞት ሌላ ነበር፤ ስሙ እንዲጠራ የሚፈልገው ስለ ጥንት ዘመን በሚጽፋቸው ታሪካዊ ልብ ወለዶች ነው። ስለዚህ በ1891 መጨረሻ ሆልምስን ለመግደል ማሰቡን ለእናቱ ጻፈላት። እናቱ ሐሳቡን አጥብቃ ተቃወመች፤ የጀግናውም ዕድሜ ለጊዜው ተራዘመ። መጽሔቱ ተጨማሪ ታሪኮች በጠየቀው ጊዜ፣ እምቢ ይሉኛል ብሎ ለ12 ታሪኮች 1,000 ፓውንድ ቢጠይቅ፣ ያለ ክርክር ተስማሙለት።

በ1893 ወደ ስዊዘርላንድ ሄዶ ራይኸንባኽ የተባለውን ታላቅ ፏፏቴ ተመለከተ። ለጀግናው የሚገባ መቃብር አገኘሁ ብሎ አሰበ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ገደማ በወጣው ታሪክ ሆልምስ ሞሪያርቲ ከተባለ የወንጀለኞች አለቃ ጋር ተናንቆ ከገደሉ ጫፍ ወደቀ ተባለ። ደራሲው ይህን እንዴት አድርጎ እንደ ጻፈው አስተውሉ። ዋትሰን በተንኮል ከስፍራው እንዲርቅ ተደርጓል። ሲመለስ ያገኘው የጓደኛውን በትር፣ የስንብት ደብዳቤና ወደ ገደሉ የሚሄዱ የሁለት ሰዎች ዱካ ብቻ ነው። የተመለሰ ዱካ የለም፤ ነገር ግን ሬሳም አልተገኘም።

ያ ዓመት ለደራሲው የመከራ ዓመት ነበር። አባቱ ሞተ፤ ባለቤቱም በሳንባ ነቀርሳ መያዟ ታወቀ። አንባቢው ግን ያዘነው ለሆልምስ ነው። ከ20,000 በላይ ደንበኞች መጽሔቱን መግዛት እንዳቆሙ ይነገራል። ለደራሲው የተግሣጽና የስድብ ደብዳቤ ይጎርፍለት ጀመር። በሥጋ ላልነበረ ሰው ይህን ያህል ማዘን ሞኝነት ይመስላችኋልን? አትፍረዱ። በየወሩ ቤታችሁ ገብቶ ያጫወታችሁ እንግዳ በድንገት ቢቀርባችሁ እናንተም ታዝኑ ነበር።

ኮናን ዶይል ለብዙ ዓመታት በውሳኔው ጸና። ሌሎች መጻሕፍት ጻፈ፤ በ1900 በደቡብ አፍሪካ ጦርነት በሐኪምነት አገለገለ። በ1901 አንድ ረጅም የሆልምስ ታሪክ ማሳተም ቢጀምርም ጀግናውን አላስነሣም፤ ታሪኩ ከሞቱ በፊት እንደ ተፈጸመ አድርጎ አቀረበው። በመጨረሻ አንድ የአሜሪካ መጽሔት ብዙ ገንዘብ ስላቀረበለት በ1903 ተሸነፈ። ሆልምስ ከገደሉ እንዳልወደቀ፣ የወደቀው ባላጋራው ብቻ እንደ ሆነ ተጻፈ። ሬሳው ባለመገኘቱ ተከፍቶ የቀረው በር ለመመለሻው አገለገለ። አንባቢው በደስታ ተቀበለው። ይሁንና ደራሲው ራሱ እንደ ተረከው፣ አንድ ጀልባ ቀዛፊ ሆልምስ ከገደሉ ወድቆ ባይሞትም ከዚያ ወዲህ ግን እንደ ቀድሞው እንዳልሆነ ነግሮታል።

ብዕር ከሞት ያስነሣው ግን የብዕር ልጁን ብቻ ነው። ባለቤቱ በ1906 ሞተች። በጦርነት ቆስሎ የነበረው ልጁ ኪንግስሊም በ1918 በሳንባ ምች ዐረፈ። ለእነርሱ በሌላ መጽሔት የሚወጣ ሌላ ምዕራፍ አልነበረም። ኮናን ዶይል ራሱ በ1930 በ71 ዓመቱ ሲሞት፣ በ4 ረጃጅምና በ56 አጫጭር ታሪኮች የኖረው ሆልምስ አልሞተም፤ በእርጅናው ዘመን በገጠር ንብ እያረባ ቀርቷል። ሰውየው ይታወቅባቸዋል ያላቸው ታሪካዊ ልብ ወለዶች ዛሬ የሚነበቡት በጥቂቶች ነው፤ ሊገድለው የሞከረው ጀግና ግን ስሙን በዓለም አስጠራው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? ሆልምስን የገደለው ሞሪያርቲ ከዚያ በፊት በታተሙት ታሪኮች ስሙ እንኳ አልተነሣም። ሞቱ የመጣው ከታሪኩ ውስጥ ሳይሆን ከደራሲው መሰልቸት ነው። በቀላሉ ሊሻር የቻለውም ስለዚህ ነው። በአንጻሩ በአገራችን በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» አስቡ። የበዛብህና የሰብለ ወንጌል መጨረሻ ከመጽሐፉ ስም ጀምሮ የተነገረ ነው። ፍቅራቸውን የሚከለክለው የዘመኑ ሥርዓት ከመጀመሪያው ገጾች አንሥቶ ይከተላቸዋል። ሁለቱን ከመቃብር አውጥቶ በደስታ የሚያጋባ ሌላ ደራሲ ቢነሣ፣ መጽሐፉ በዚያ ሥርዓት ላይ ያቀረበውን ክስ ያፈርሰዋል። ስለዚህ ስትጽፉ አስቀድማችሁ መጠየቅ ያለባችሁ ጀግናው ይሙት ወይስ ይኑር ብላችሁ ሳይሆን፣ ሞቱ ከየት መጣ ብላችሁ ነው። ከታሪኩ ሥር የበቀለ ሞት አንባቢን ያስለቅሳል፣ ያሳስባልም፤ ደራሲው ስለ ደከመው ብቻ የመጣ ሞት ግን አንባቢን ያስቆጣል።

መልመጃ

1. ኮናን ዶይል ሆልምስን ለመግደል ያነሣሡት ምክንያቶች ምን ምን ነበሩ? በራሳችሁ አነጋገር ዘርዝሩ።
2. የሆልምስ ሬሳ አለመገኘቱ ለታሪኩ ቀጣይነት ምን ጠቀመ?
3. ደራሲ የፈጠረውን ጀግና እንደ ፈቀደ የመግደል መብት አለው ትላላችሁን? ወይስ አንባቢም ድርሻ አለው? በሁለት አንቀጽ ተከራከሩ።
4. ከዚህ በፊት ከጻፋችኋቸው ድርሰቶች ጀግናው የሚሞትበትን አንዱን መርጣችሁ፣ ሞቱ ከታሪኩ የመጣ መሆን አለመሆኑን መርምሩ። ካልሆነ መጨረሻውን እንደ ገና ጻፉ።