አጥንትን ከውስጡ ያየው ጨርቅ ነጋዴ

ከደባርቅ በላይ በስሜን ገደሎች የሚኖር አንድ ዓይነት አሞራ አለ። አጥንት ይዞ ወደ ሰማይ ይወጣና ከዓለት ላይ ለቅቆ ይሰብረዋል፤ ወርዶም ስብርባሪውን ከነመቅኔው ይውጣል። ይህን የሚያይ ሰው ከመቅኔው በቀር አጥንት ደረቅ ድንጋይ ነው ቢል አይፈረድበትም። ድንጋይ አለመሆኑን በዓይናቸው ካዩት ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ሐኪም ሳይሆን ጨርቅ ነጋዴ ነበረ።

አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1632 ዓ.ም. ዴልፍት በምትባል የሆላንድ ከተማ ተወለደ። ቅርጫት ሠሪ የነበረው አባቱ በልጅነቱ ሞተበት። በ16 ዓመቱ አምስተርዳም ሄዶ የጨርቅ ንግድ ተማረ፤ በኋላም በትውልድ ከተማው ሱቅ ከፈተ። የዘመኑ ጨርቅ ነጋዴዎች የክርን ጥራት በአጉሊ መነጽር ይመረምሩ ነበርና እርሱም መነጽር መሞረድ ጀመረ፤ ነገሩም ከንግድ አልፎ ፍቅር ሆነበት። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ ሊቃውንቱ የሚጽፉበትን ላቲንም አያውቅም ነበረ። ዲግሪ ይዘን የወጣን ወጣቶች ይህን ስናነብ ጥቂት ማፈራችን አይቀርም።

ከ1673 ጀምሮ ያየውን ሁሉ በአገሩ ቋንቋ እየጻፈ ለለንደን ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር ይልክ ነበረ። በ1678 ስለ ጥርስና ስለ አጥንት በጻፈው ደብዳቤ በውስጣቸው እጅግ ቀጫጭን ቧንቧዎች መኖራቸውን ገለጸ። ዛሬ እንደሚታወቀው በአጥንት ቧንቧዎች ውስጥ የደም ሥር ያልፋል፤ በየቧንቧው ዙሪያ አጥንቱ እንደ ሽንኩርት ተደራርቧል፤ በድርብርቡም መካከል ሕያዋን ሕዋሳት ይኖራሉ። በዳባት ወይም በደባርቅ አንድ ገበሬ ከገደል ወድቆ እግሩ ሲሰበር፥ ወጌሻው በቀርከሃ ያሰረው አጥንት መልሶ የሚገጥመው በደም የሚኖር ስለ ሆነ ነው። ማሰሪያው ከመጠን በላይ የጠበቀ እንደ ሆነ ግን ደሙ ይቋረጥና እግሩ ይሞታል፤ በዚህ ምክንያት እግራቸውን ያጡ ወገኖች በአገራችን አሉ።

ቧንቧዎቹ ግን በሌቨንሁክ ስም አልተጠሩም። እንግሊዛዊው ሐኪም ክሎፕተን ሄቨርስ በ1691 ስለ አጥንት መጽሐፍ አሳተመና እስከ ዛሬ የሄቨርስ ቧንቧ ይባላሉ፤ ሄቨርስ ራሱ የሚያልፍባቸው የመቅኔ ቅባት ይመስለው ነበረ። ሌቨንሁክም ቢሆን ጥበቡን የሚሸሽግ ሰው ነበረ። በ1698 የሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ ሳይቀር ሊያየው መጣ፤ ምርጥ መነጽሮቹን የሚሠራበትን ዘዴ ግን ለማንም አላስተማረም።

በ1723 በ90 ዓመቱ ሲሞት 26 የብር ማይክሮስኮፖች ለማኅበሩ ተናዘዘ፤ ልጁ ማሪያም ወደ ለንደን ላከቻቸው። ከጊዜ በኋላ ሁሉም ከማኅበሩ እጅ ጠፉ።