ሁሴን ሸሪፍ፦ የሱዋኪንን ዝምታ በፊልም ያስቀረው ሱዳናዊ ሠዓሊ

በደቡብ ካርቱም የሚገኘው አርካዊት ስሙን የተዋሰው ከሩቅ ሥፍራ ነው። ካርቱም ለኖረ ብዙ ኢትዮጵያዊ አርካዊት ማለት ቤት የተከራየበት፣ የአገሩን ሰው ያገኘበት፣ ቡና የጠጣበት ሰፈር ነው። የስሙ ባለቤት የሆነችው ዋናዋ አርካዊት ግን በቀይ ባሕር ተራሮች ላይ የተቀመጠች፣ ክረምቷ ጉም የማያጣው ደገኛ ሥፍራ ናት። በቅኝ ግዛት ዘመን ሹማምንቱ የባሕሩን ዳርቻ ወበቅ የሚሸሹት ወደ እሷ ነበር። ከተራሮቿ ግርጌ፣ ብዙም ሳይርቅ፣ ሱዋኪን የተባለችው ጥንታዊ ወደብ ፈራርሳ ትገኛለች።

የሱዋኪንን ፍርስራሽ ለሲኒማ ያበቃው ሁሴን ሸሪፍ ይባላል። ሠዓሊ ነበር፤ በኋላም የፊልም አዘጋጅ ሆነ። በስደት ከኖረባት ካይሮ እአአ ጃንዋሪ 21 ቀን 2005 ዓለምን ሲሰናበት የመጨረሻ ፊልሙን አልጨረሰም ነበር። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ጥር 13 ቀን 1997 ዓ.ም. ነበር፤ ጥምቀት በተከበረ በሁለተኛው ቀን መሆኑ ነው። ከዘጠኝ ዓመታት በኋላ ወጣት ሱዳናውያን በካርቱም ነፃ የፊልም ፌስቲቫል ሲጀምሩ የመክፈቻ ዕለት አድርገው የመረጡት ይህንኑ የሞቱን መታሰቢያ ቀን ነው።

የሁሴን ሸሪፍን ፊልሞች ግን ብዙ ሰው አላያቸውም። ለሰፊ ተመልካች የተሠሩም አልነበሩም። እንዲህ ያለ ሰው ለአንድ ትውልድ ምልክት የሆነበትን ምክንያት ለመረዳት ሕይወቱን ከመነሻው መከተል ያስፈልጋል።

የማህዲው ቤተሰብ ልጅ

ሁሴን የተወለደው እአአ በ1934 በኦምዱርማን ነው። ቤተሰቡ በሱዳን ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የከበደውን ስም ይሸከማል፤ የዘር ሐረጉ ከመሐመድ አሕመድ አል-ማህዲ ይመዘዛል። ማህዲው እአአ በ1885 ካርቱምን ከእንግሊዙ ጄኔራል ጎርደን እጅ ያስለቀቀ መሪ ነው። ኢትዮጵያውያን ግን እሱ ያቆመውን መንግሥት የሚያስታውሱት በሌላ ስም፣ በደርቡሽነት ነው። የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የተቃጠሉት በዚህ መንግሥት ጦር ነበር፤ አፄ ዮሐንስ አራተኛም እአአ በ1889 መተማ ላይ የወደቁት ከዚሁ ጦር ጋር ሲዋጉ ነው። በድንበሩ በአንዱ ወገን የነፃነት አባት የሆነው ስም በሌላው ወገን የሐዘን ስም ነው።

ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣ ልጅ ፖለቲከኛ ወይም የሃይማኖት መሪ ይሆናል ተብሎ ቢጠበቅ አይገርምም። በነፃይቱ ሱዳን የማህዲው ዘሮች የኡማ ፓርቲን መርተዋል፤ የጠቅላይ ሚኒስትርነት መንበርም ላይ ተቀምጠዋል። ሁሴን ግን የቀለም ብሩሽ አነሳ።

ትምህርቱን የተከታተለው የባለጸጋ ልጆች በተለመደው መንገድ ነው። በእስክንድርያ በሚገኘው ቪክቶሪያ ኮሌጅ ተማረ፤ ከዚያም ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ ካምብሪጅ ገባ። በኋላ ደግሞ በለንደን በሚገኘው ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል አጠና። ስሌድ በ1950ዎቹ ለሱዳን ሥዕል ትልቅ ቦታ አለው፤ የዘመናዊ ሱዳን ሥዕል ታላቅ ስም የሆነው ኢብራሂም አል-ሳላሂም በዚያው ዐሥርት ዓመት እዚያው ተምሯል። ሁሴን በለንደን ጋለሪ ዋን በተሰኘው ማሳያ ሥራዎቹን ለእይታ አቀረበ፤ ወደ አገሩ ተመልሶም በካርቱም የሥነ ጥበብ ኮሌጅ አስተማረ።

በዚያን ጊዜ የካርቱም ሠዓሊያን አንድ ጥያቄ ይዟቸው ነበር። ዓረብም አፍሪካም የሆነች አገር ሥዕሏ ምን መምሰል አለበት? አንዳንዶቹ የዓረብኛን ፊደል ከአፍሪካዊ ጌጥ ጋር እያዋሃዱ መልሱን ፈለጉ። ሁሴን መልሱን በፊደል አልፈለገም፤ ያደላው ለቀለም ነበር። የቀለም ነገር በኋላ ፊልሞቹንም ሲያይ ተመልካች የሚያገኘው ነው። ካሜራውን የያዘው እንደ ሠዓሊ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከሸራ ወደ ካሜራ

እአአ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በባህልና ማስታወቂያ ሚኒስቴር የፊልም ክፍሉን መምራት ጀመረ። ወቅቱ የጃፋር ኒሜሪ ዘመን ነው። መንግሥት የፊልም ማስመጣትንና ማከፋፈልን በእጁ ካስገባ ገና ጥቂት ዓመታት መቆጠራቸው ነበር። ካርቱም እንደ ኮሎሲየምና ብሉ ናይል ያሉ ሲኒማ ቤቶች ነበሯት። አብዛኞቹ ሲኒማ ቤቶች ጣሪያ አልነበራቸውም፤ ምሽት ላይ ተመልካቹ ከከዋክብት በታች ተቀምጦ የህንድ፣ የግብፅና የአሜሪካ ፊልም ያይ ነበር። ሱዳን ራሷ የምትሠራው ፊልም ግን በአብዛኛው የመንግሥት ዜናና ትምህርታዊ ዘጋቢ ፊልም ነበር።

በዚህ ሥራ ግንባር ቀደሙ ጋደላ ጉባራ ነው። ጉባራ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ያገለገለ፣ በ1956 የሱዳን ነፃነት ሲታወጅ ሰንደቁ ሲሰቀል በካሜራ የቀረጸ ሰው ነው። ሁሴን ከእሱ የተለየ መንገድ ያዘ። ጉባራ አገሪቱ ስትሠራ፣ ስትዘምርና ስትገነባ አሳይቷል። ሁሴንን ይበልጥ የሳበው አገሪቱ የተወችውና የረሳችው ነገር ነው።

የመጀመሪያ ፊልሙ፣ የ1973ቱ «የእሳት ውርወራ»፣ ከኢትዮጵያ ድንበር ብዙ በማይርቀው የብሉ ናይል ግዛት የሚኖሩት የኢንገሰና ሕዝብ ሥርዓት ላይ ያተኮረ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ካሜራውን ይዞ ወደ ሱዋኪን ወረደ።

ሱዋኪን

ስለ ሱዋኪን ትንሽ መቆየት ይገባል። ከተማዋ በባሕር ወሽመጥ ውስጥ በተቀመጠች ክብ ደሴት ላይ የተሠራች ናት። ቤቶቿ ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ ተገንብተው በኖራ የተለሰኑ ነበሩ። ለዘመናት ወደ መካ የሚጓዙ ምዕመናን፣ የቅመምና የዝሆን ጥርስ ነጋዴዎች፣ እንዲሁም በሰንሰለት የተያዙ ባሮች አልፈውባታል። ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄዱ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትም መርከብ የሚሳፈሩባት ወደብ ነበረች።

ስሟን በተመለከተ በዚያው አካባቢ የሚነገር አንድ አፈ ታሪክ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አይሆንም። ከኢትዮጵያ ለንጉሥ ሰሎሞን የተላኩ ደናግል ሱዋኪን ላይ ሲያርፉ ከጂኒ ፀነሱ፤ ከተማዋም ስሟን ከዚያ አገኘች ይላል ተረቱ። የቋንቋ ሊቃውንት ይህን አይቀበሉትም። ተረቱ ግን ሱዋኪንንና ደጋውን አገር በአንድ ክር ያስተሳስራል።

ከተማዋን የገደላት ጦርነት አይደለም። እንግሊዞች በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለትልልቅ መርከቦች የሚመች አዲስ ወደብ በስተሰሜን ገነቡ፤ ፖርት ሱዳን ተባለ። ንግዱ ወደዚያ ሄደ፤ ነጋዴውም ተከተለ። ሰው የሌለበት የኮራል ቤት ደግሞ ብዙ አይቆምም። ግድግዳዎቹ ቀስ በቀስ ወደ ነጭ ክምር ተለወጡ።

ሁሴን የደረሰው ለዚህ ክምር ነው። ከዚያ የወጣው የ1975ቱ ፊልም «የአምበር መነቀል» የሚል ርዕስ አለው። አምበር በጥንት ዘመን ከዛፍ ፈስሶ የጠጠረ፣ ለጌጥ የሚሆን ብጫ ሙጫ ነው። ርዕሱ ብቻውን ብዙ ይናገራል፤ ከቦታው የተነቀለ ጌጥ ከነበረበት የሚቀረው ባዶ ጉድጓድ ነው።

ፊልሙ ግማሽ ሰዓት ያህል ይረዝማል። የወደቡን ታሪክ ከዓመተ ምሕረት ጋር የሚዘረዝር ዘጋቢ ፊልም የጠበቀ ተመልካች አያገኘውም። ታሪኩን የሚሸከሙት ፍርስራሹ፣ ባሕሩ፣ የሰዎች አካልና ዜማ ናቸው። በፊልሙ ውስጥ የዝነኛው ድምፃዊ አብደል አዚዝ መሐመድ ዳውድ ድምፅ ይሰማል። የቅኝ ግዛትና የባሪያ ንግድ ትዝታ ከምስሎቹ ሥር ይንቀሳቀሳል፤ ማንም ቆሞ አያብራራውም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እንደሚያምነው፣ የፊልሙ ጉልበት ያለው አለማብራራቱ ላይ ነው። ሱዋኪን እንዴት እንደሞተች ብዙ መጻሕፍት ይነግሩናል። የሞተችው ከተማ ምን እንደምትመስል የነገረን ግን አንድ ሠዓሊ ነው።

ለማን የተሠራ ፊልም?

የህንድ ፍቅር ፊልም ለለመደ የካርቱም ተመልካች ይህ አስቸጋሪ ነገር ነበር። የእንዲህ ያሉ ፊልሞች ቤት በየትኛውም አገር ቢሆን ፌስቲቫል ነው። የጃፓን ሲኒማ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምስክር ይሆናል። የአኪራ ኩሮሳዋ «ራሾሞን» አንድን ወንጀል በአራት እርስ በርሱ በሚጋጭ ምስክርነት የሚተርክ፣ በጊዜው ያልተለመደ ፊልም ነበር። የሠራው ስቱዲዮ እንኳ ብዙ አልጠበቀበትም። እአአ በ1951 ግን በቬኒስ ፌስቲቫል የወርቅ አንበሳውን ሲያሸንፍ ዓለም የጃፓንን ሲኒማ ባንድ ምሽት አገኘው።

አፍሪካም የራሷን በር ፈልጋለች። በ1966 የካርቴጅ ፌስቲቫል በቱኒዚያ ተጀመረ፤ በ1969 ደግሞ ዛሬ ፌስፓኮ የሚባለው ፌስቲቫል በዋጋዱጉ ተከተለ። ለዚህኛው መመሥረት ከሠሩት አንዱ ያው ሱዳናዊው ጉባራ ነበር። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2009 የያሸነፈው ትልቁ የዬኔንጋ ፈረስ ሽልማትም የዚሁ ፌስቲቫል ነው።

ከሱዋኪኑ ፊልም በኋላ ሁሴን፣ አርባዎቹን እያጋመሰ፣ እንደገና ተማሪ ሆነ። በእንግሊዝ ብሔራዊ የፊልም ትምህርት ቤት ገብቶ በ1979 የደራሲዋን የጂን ሪስን አጭር ልቦለድ መነሻ ያደረገ ፊልም ሠራ። ሪስ በካሪቢያን ተወልዳ በእንግሊዝ ባይተዋርነትን የጻፈች ሴት ናት፤ ሁሴን የእሷን ጽሑፍ መምረጡ በአጋጣሚ አይመስልም።

ካይሮ

እአአ በሰኔ ወር 1989 ኦማር አል-በሽር በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዙ። ከሥልጣን የተወገዱት ጠቅላይ ሚኒስትር ሳዲቅ አል-ማህዲ የሁሴን የሥጋ ዘመድ ነበሩ። አዲሱ መንግሥት ለሲኒማ ፍቅር አልነበረውም። በቀጣዮቹ ዓመታት የመንግሥት ሲኒማ ድርጅት ፈረሰ፤ ሲኒማ ቤቶች አንድ በአንድ ተዘጉ፤ የፊልም ጥቅሎች በሙቀትና በአቧራ ውስጥ ተጣሉ። የጋደላ ጉባራ የግል ስቱዲዮም ተወሰደበት። ጉባራ በስተርጅና ዓይኑ ታወረ፤ ሆኖም በሴት ልጁ ሣራ ረዳትነት ፊልም መሥራቱን አላቆመም፤ በ2008 አረፈ።

ሁሴን ካይሮ ቀረ። በ1993 ከግብፃዊቷ የዘጋቢ ፊልም ባለሙያ አተያት አል-አብኑዲ ጋር በመሆን በግብፅ ስለሚኖሩ ሱዳናውያን ስደተኞች «የስደት ማስታወሻ» የተሰኘውን ፊልም ሠራ። በዚህኛው ሥራው ሰዎች ይናገራሉ፤ ስለ እስር፣ ስለ ድብደባ፣ ጥለውት ስለመጡት ቤት። ባለ ቀለሙ ሠዓሊ እዚህ ላይ ራሱን ወደኋላ አድርጎ ሌሎችን አስቀድሟል።

ከዚያ በኋላ የያዘው ሥራ የሕይወቱ የመጨረሻው ሆነ። «ስለ አቧራና ቀይ ዕንቁ» በሚል ርዕስ የሱዳን ባለቅኔዎች ስለ ስደት የጻፏቸውን ግጥሞች መነሻ ያደረገ ፊልም ጀመረ። እንዲህ ላለ ፊልም ገንዘብ የሚያወጣ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ አገር የሌለው የፊልም ሰው ደግሞ የባህል ሚኒስቴር የለውም። ዓመታት አለፉ። የተቀረጸው ምስል ሳይቆረጥና ሳይቀጠል፣ ረቂቁና ሥዕላዊ ንድፉ በወረቀት ላይ እንዳለ፣ ሁሴን በ70 ዓመቱ አረፈ። አስከሬኑ ወደ ተወለደባት ኦምዱርማን ተወስዶ እዚያው ተቀበረ።

ከሞቱ በኋላ የመጡ ዓመታት

በ2014 የሱዳን ፊልም ፋብሪካ የተሰኘው ተቋም የመጀመሪያውን ነፃ ፌስቲቫል ሲከፍት ከተማዋ የሲኒማ ቤት ሕይወቷ ሞቶ ነበር። ፊልሞች በየባህል ማዕከሉና በየግቢው ይታዩ ነበር። የሽልማቱ ስም ጥቁር ዝሆን ተባለ። ለብዙ ወጣቶች ከቴሌቪዥንና ከስልክ ውጪ ፊልም በትልቅ ሸራ፣ ከማያውቁት ሰው አጠገብ ተቀምጠው ያዩት ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ፈጣን ነበር። አል-በሽር በተወገዱበት በ2019 የሱሃይብ ጋስመልባሪ «ስለ ዛፎች ማውራት» በበርሊን፣ የአምጃድ አቡ አላላ «በሃያ ትሞታለህ» ደግሞ በቬኒስ ተሸለሙ። የመጀመሪያው የተዘጋ ሲኒማ ቤት ለአንድ ምሽት ሊከፍቱ የሚታገሉ አረጋውያን የፊልም ባለሙያዎችን ይከተላል፤ የሁሴን ዘመን ሰዎችን ማለት ነው። በግንቦት 2023 የሞሐመድ ኮርዶፋኒ «ደህና ሁኚ ጁሊያ» በካን ሲታይ ግን ካርቱም በጦርነት ውስጥ አንድ ወር አልፏት ነበር።

በሚያዝያ 2023 የጀመረው ጦርነት አርካዊትን ጨምሮ ደቡብ ካርቱምን ባዶ አድርጓል። በሰፈሩ ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም ዳግመኛ ተሰደዱ። ከፊልም ሠሪዎቹ ብዙዎቹ ሁሴን ወደ ኖረባት ካይሮ ሄደዋል። መንግሥት መቀመጫውን ወደ ፖርት ሱዳን ባዛወረበት ጊዜ ሱዋኪን በተራዋ የተፈናቃዮችና የመርከብ ተሳፋሪዎች መሸጋገሪያ ሆና ነበር።

የሁሴን ፊልሞች ካርቱም ውስጥ ብቻ ተከማችተው ቢሆን ኖሮ ምን ሊደርስባቸው ይችል እንደነበር መገመት አይከብድም። ቤተሰቡ፣ በካይሮ ሲማቴክ የተባለው የፊልም ማዕከልና በበርሊን የሚገኘው አርሰናል ተቋም ሥራዎቹን ከጥፋት ለማዳን ሠርተዋል። የሱዋኪኑ ፊልም ዛሬ በዲጂታል ቅጂ ይታያል። ያልተጠናቀቀው ሥራም ከነማስታወሻዎቹ ለአዳዲስ የፊልም ሰዎች መነሻ ሆኗል፤ ግብፃዊው ታመር ኤል-ሳኢድ ከእነርሱ አንዱ ነው።