አል-ፋራቢ፡ አመክንዮን ከሰዋስው ጋር ለማስታረቅ የጣረው ፈላስፋ

እአአ በ932 ባግዳድ ውስጥ፣ በአባሲዶቹ ወዚር ኢብን አል-ፉራት ፊት ሁለት ሊቃውንት ተሟገቱ። ያከራከራቸው ጥያቄ ከግሪክ የመጣው የአርስቶትል አመክንዮ ለሰው ልጅ ሁሉ የሚሠራ የአስተሳሰብ ሚዛን ነው ወይስ የአንድ ሕዝብ ቋንቋ ሥርዓት የሚል ነበር።

የአመክንዮ ጠበቃ የነበረው ክርስቲያኑ አቡ ቢሽር ማታ፣ አራትና አራት በየትኛውም አገር ስምንት እንደሚሆን ሁሉ ሐሳብም ለሕዝቦች የጋራ መሆኑን ተናገረ። የሰዋስው ሊቁ አቡ ሰዒድ አል-ሲራፊ በበኩሉ ሐሳብ ያለ ቋንቋ እንደማይደረስበት፣ አንድ ግሪካዊ በገዛ ቋንቋው ያወጣው ሕግም ቱርኩን፣ ሕንዱን፣ ፋርሱንና አረቡን እንደማያስገድድ ሞገተ። አስከትሎም እንደ ግዕዙ "ወ" የሚያያይዘው የአረብኛው "ዋው" ያሉትን አገልግሎቶች እንዲዘረዝር ማታን ጠየቀው። ማታ መልስ አጣ። እስከ ዛሬ የቆየው ዘገባም ድሉን ለአል-ሲራፊ ይሰጣል።

ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ ብቻ አልነበረም። የአል-ሲራፊ ሙግት ከጸና፣ አብዛኛው በሱርስት በኩል ወደ አረብኛ የተተረጎመው የግሪክ ፍልስፍና የባዕድ ልማድ ሆኖ ይቀራል።

በዚያን ጊዜ አቡ ናስር አል-ፋራቢ በባግዳድ ይኖር ነበር። የተወለደው በ870 ገደማ እንደሆነ ይታመናል። አመክንዮን ከክርስቲያኑ ሊቅ ዩሐና ኢብን ሃይላን ተምሯል። ለሰዋስው ሊቁ ኢብን አል-ሳራጅ አመክንዮ እያስተማረ፣ ከእሱ ሰዋስው ይማር እንደነበርም ይተረካል።

አል-ፋራቢ ስለ ዕውቀት ዘርፎች በጻፈው መጽሐፍ፣ ሰዋስው ለቃላት የሚሰጠውን ሥርዓት አመክንዮ ለሐሳብ እንደሚሰጥ አስረዳ። ሰዋስው የአንድን ሕዝብ ቋንቋ ሲመለከት፣ አመክንዮ የሁሉንም የጋራ ሕግ ይመረምራል። በዚህ ከማታ ጋር ይስማማል።

"የፊደላት መጽሐፍ" በተሰኘው ሥራው ግን ለቋንቋ ልዩነት ትልቅ ቦታ ሰጠ። በአማርኛ "ዘይድ ፍትሐዊ ነው" ስንል ሁለቱን ቃላት የሚያስረው "ነው" ነው። ግሪክኛና ፋርስኛም ተመሳሳይ ማሰሪያ አላቸው። አረብኛ ግን እንዲህ ባለ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን ብቻ ያስቀምጣል። ስለዚህ ተርጓሚዎች ገሚሱ "እሱ" የሚለውን፣ ገሚሱ ደግሞ "የተገኘ" የሚል ትርጉም ያለውን "መውጁድ" ተጠቀሙ። አል-ፋራቢ የዚህ ቃል እርባታ አንባቢን ሊያሳስት እንደሚችል አስጠንቅቆ፣ በፍልስፍና ውስጥ ከተራ ትርጉሙ ተለይቶ እንዲወሰድ አሳሰበ። የጋራ የሆነው ሐሳብ ወደ እያንዳንዱ ሕዝብ የሚደርሰው በዚያ ሕዝብ ቃላት በመሆኑ፣ ፈላስፋ ሰዋስውን መናቅ አይችልም።

አል-ፋራቢ በ942 ባግዳድን ለቅቆ ወደ ሶርያ ሄደ። በኋላም የሐለቡ ገዢ ሰይፍ አል-ደውላ ደጋፊው ሆነ። በ950 ገደማ ደማስቆ ውስጥ አረፈ።

ከአርስቶትል ቀጥሎ "ሁለተኛው መምህር" የሚል ስም ተሰጥቶታል። ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ አይሁዳዊው ፈላስፋ ማይሞኒደስ ለተርጓሚው ሳሙኤል ኢብን ቲቦን በጻፈው ደብዳቤ፣ አመክንዮን ለማጥናት የአል-ፋራቢ መጻሕፍት ብቻ እንደሚበቁት መክሮታል።