ፕሮፌሰር ኮታሮ ሆንዳና የአረብ ብረት ውስጠ ምሥጢር

ማጭድ የሚሠራ የሮቢት ባለእጅ ሁሉ አረብ ብረትን አግሎ ውኃ ውስጥ መንከር እንደሚያጠነክረው፣ መልሶ ማሞቅ ደግሞ እንደሚያለዝበው ያውቃል። በብረቱ ውስጥ የሚካሄደውን ለውጥ መርምሮ ማስረዳት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ይህን በማግኔት ልኬት ከመረመሩት ሊቃውንት ግንባር ቀደሙ ጃፓናዊው ፕሮፌሰር ኮታሮ ሆንዳ ናቸው።

ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1870 በአይቺ ግዛት ተወለዱ። በቶክዮ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ካጠኑ በኋላ በ1907 ወደ ጀርመን ተሻግረው በጌቲንገን ከፕሮፌሰር ታማን ዘንድ ስለ ብረታ ብረት ተማሩ። በ1911 ተመልሰው በሰንዳይ ከተማ በቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኑ።

ዘዴያቸው ቀላል ይመስላል፤ ይኸውም ናሙናውን በማግኔት መስክ ውስጥ በተቀመጠ ምድጃ ቀስ በቀስ እያሞቁ የማግኔትነቱን መጠን መለካት ነው። ሴመንታይት የተባለው የብረትና የካርቦን ውሁድ በ210 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ማግኔትነቱን ያጣል፤ ንጹሕ ብረት ግን እስከ 770 ዲግሪ ድረስ ይዞት ይቆያል። ስለዚህ የልኬቱ መስመር 210 ላይ ዝቅ ካለ ሴመንታይት አለ ማለት ነው፤ የዝቅታውም መጠን ብዛቱን ያመለክታል። በውኃ በተነከረ አረብ ብረት ካርቦኑ ብረቱ ውስጥ ሟሙቶ ስለሚቀር ዝቅታው አይታይም። መልሶ ሲሞቅና ካርባይዱ በደቃቅ ቅንጣት ተለይቶ ሲወጣ ግን ይመለሳል። በማይክሮስኮፕ ለመለየት የሚያዳግተው ለውጥ በዚህ መንገድ በቁጥር ተገለጠ።

በዚያን ዘመን የፈረንሳዊው ኦስሞንድ ተከታዮች የተነከረ አረብ ብረት ጥንካሬ ቤታ ከሚባል ልዩ የብረት ዓይነት የመጣ ነው ይሉ ነበር። ሆንዳ በ770 ዲግሪ አካባቢ የሚታየው ቀስ በቀስ የሚሄድ የማግኔት ለውጥ እንጂ የአተሞች አደራደር ለውጥ አይደለም ብለው ተከራከሩ። ስመ ገናና ከሆኑ የአውሮፓ ሊቃውንት ጋር እንዲህ መሟገት ቀላል አልነበረም። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የተደረገው የኤክስሬይ ምርመራ ግን ለእርሳቸው መሰከረ።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት ከአውሮፓ የሚመጣውን የማግኔት ብረት ባስቸገረበት ወቅት፣ በ1917፣ ሆንዳ ከረዳታቸው ከታካጊ ጋር ኬ ኤስ የተባለውን አረብ ብረት ሠሩ። ስሙ ለምርምሩ ገንዘብ ለሰጡት ለኪቺዛኤሞን ሱሚቶሞ መታሰቢያ ነው። ከሲሦው በላይ ኮባልት ሆኖ ተንግስተንና ክሮምየም የተጨመረበት ይህ ብረት ማግኔትነቱን የመጠበቅ ኃይሉ ከቀድሞው የተንግስተን ብረት ሦስት እጥፍ ያህል ነበር። በ1931 ሚሺማ የተባሉ የአገራቸው ሰው በኒኬልና በአሉሚኒየም የተሠራ ሌላ ማግኔት አውጥተው በለጡት። ሆንዳ ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 60 አልፎ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ ይሁንና ወደ ምድጃው ተመልሰው ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ አዲሱን ኬ ኤስ አቀረቡ። ያረፉት በ1954 ነው።