ጃኮብ ሪስ፡ በፖሊስ ጣቢያ ወለል ላይ ያደረው ስደተኛ የኒውዮርክን ጨለማ እንዴት ገለጠው?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የኒውዮርክ ባለጸጎች በአዳራሽ ተሰብስበው በሸራ ላይ የሚያልፉ ምስሎችን ይመለከቱ ነበር። በደረጃ ሥር ተቃቅፈው የተኙ ሕጻናት እና በአንዲት ጠባብ ክፍል የታጨቁ የቀን ሠራተኞች ይታያሉ። ቦታው ሩቅ አገር ሳይሆን የራሳቸው ከተማ ነበር።

ምስሎቹን የሚያሳየው ጃኮብ ሪስ ይህን ሕይወት ቀምሶታል።

በአውሮፓውያኑ 1849 ሪበ በተባለች የዴንማርክ ከተማ የተወለደው ሪስ፣ የአናጺነት ሙያ ተምሮ በ21 ዓመቱ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ሥራ አጥቶ በየደጃፉ አደረ፤ ተራበም።

በዚያ ዘመን የኒውዮርክ ፖሊስ ጣቢያዎች ቤት አልባዎችን ያሳድሩ ነበር። ሪስም አንድ ሌሊት ቸርች ስትሪት በሚገኝ ጣቢያ ሲያድር የወርቅ ማስታወሻው ተሰረቀ። አቤት ቢልም የሚሰማው አላገኘም፤ ይልቁንም ተባረረ። የምትከተለውን ውሻ ደግሞ አንድ ፖሊስ ደጃፍ ላይ ገደላት። ሪስ ያንን ሌሊት ዕድሜውን ሙሉ አልረሳውም።

በ1877 የፖሊስ ዜና ዘጋቢ ሆኖ ተቀጠረ። ስለ ድሆች መንደሮች ደጋግሞ ቢጽፍም ጽሑፉ ብቻውን ለውጥ አላመጣም።

ከአሥር ዓመት በኋላ ጀርመን ውስጥ በጨለማ ፎቶ ለማንሳት የሚያስችል የብልጭታ ዱቄት መሠራቱን አነበበ። ወዲያው አጋሮች ፈለገ። የጤና ቢሮ ባልደረባው ዶክተር ጆን ኔግል፣ ሐኪሙ ሄንሪ ፒፋርድ እና የፎቶግራፍ አፍቃሪው ሪቻርድ ሎውረንስ አብረውት በሌሊት ወጡ። በሪስ ስም ከሚታወቁት ምስሎች አንዳንዶቹ የእነዚህ አጋሮቹ ሥራዎች ናቸው። ጋዜጦች ፎቶን በቀላሉ ማተም በማይችሉበት በዚያ ጊዜ ሠዓሊዎች ምስሎቹን ወደ ሥዕል ቀየሯቸው። ሪስ ኋላ ላይ ካሜራ መያዝን ራሱ ተማረ።

በ1890 የታተመው መጽሐፉ የወደፊቱን ፕሬዝዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልትን ወደ ሪስ ቢሮ አመጣቸው። ሩዝቬልት የከተማዋ ፖሊስ ኮሚሽን ሰብሳቢ ሲሆኑ ሁለቱ በሌሊት አብረው ጣቢያዎችን ጎበኙ፤ በ1896ም የፖሊስ ማደሪያዎቹ ተዘጉ። በሮቹ ሲዘጉ ግን እዚያ ያድሩ የነበሩት ሁሉ የተሻለ መጠለያ አገኙ ማለት አልነበረም።

ሪስ ከወቀሳ አላመለጠም። በመጽሐፉ ስለ ቻይናውያን፣ ጣልያናውያንና አይሁዳውያን ስደተኞች የጻፈው በጅምላ ፍረጃ የተሞላ ነው። ካሜራው የተኙ ሰዎችን ሳያስፈቅድ በብልጭታ ቀስቅሷል። በአንጻሩ በጎዳና የሚያድሩ አንዳንድ ልጆች የተኙ መስለው ተነስተውለታል፤ በዚህም የምስሉ ተባባሪዎች ሆነዋል።

ሪስ በ1914 አረፈ። የተረሱት የመስታወት ኔጋቲቮች ከሦስት አሥርት ዓመታት በኋላ ተገኝተው በ1947 በኒውዮርክ ከተማ ሙዚየም ለእይታ ቀረቡ።

ዛሬ ሪስም አጋሮቹም በስም ይታወቃሉ። ፊታቸውን ለምስሎቹ ያዋሱት የአብዛኞቹ ሰዎች ስም ግን አልተመዘገበም።