ወለተ ጴጥሮስ፣ ወደ ባሏ ቤት አልመለስም ያለችው የመኳንንት ልጅ

በዚህ ዓምድ ሕይወታቸውን የምንተርክላቸው ቅዱሳን አብዛኛውን ጊዜ በካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ጉያ ያደጉ ናቸው። ዛሬ የምናነሣት ሴት ግን ዕድሜዋን የፈጀችው የእኛን እምነት በአዋጅ ለማስፋፋት የተነሡትን ሰዎች ስትቃወም ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ኅዳር 17 ቀን በቅድስና ታከብራታለች። ስለዚህ አንዳንድ አንባብያን ስሟን በዚህ ገጽ ላይ ሲያዩ መደነቃቸው አይቀርም። ይሁን እንጂ በአሰላና በዙሪያዋ ባሉ ቁምስናዎች የሚያገለግሉ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ስለ ልጃገረዶች ጋብቻ ለሚቀርብላቸው ጥያቄ ከርሷ ታሪክ ይልቅ ቀርቦ የሚናገር የሀገራችን ታሪክ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ወለተ ጴጥሮስ የተወለደችው በ1592 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አባቷ ባሕር ሰገድ፣ እናቷ ክርስቶስ ዕበያ ይባሉ ነበር። ገድሏ ወገኖቿን ከደዋሮና ከፈጠጋር ጌቶች ቤት ይቆጥራቸዋል። እነዚህ ስሞች ለአርሲ ሰው እንግዳ ሊሆኑ አይገባም፤ ሁለቱም በአዋሽ ወንዝ ዙሪያ ከዛሬው የአርሲ ደጋ ጋር ጎረቤት የነበሩ የጥንት ግዛቶች ናቸው። ከኢማም አሕመድ ጦርነትና ከኦሮሞ ሕዝብ መስፋፋት በኋላ ግዛቱ ከጌቶቹ እጅ ስለ ወጣ፣ ልጅቱ በተወለደች ጊዜ ለቤተሰቡ የቀረው የዘር ክብርና በቤተ መንግሥት ያለው ሹመት ነበር። ስሟ የጴጥሮስ ልጅ ማለት ነው። የጴጥሮስን መንበር ስም ይዘው የመጡትን እስከ መጨረሻው የተቃወመችው ሴት ይህን ስም መሸከሟ ለእኛ ለካቶሊካውያን የሚያሳስብ ነገር ነው።

ገድሉ ገና በእናቷ ማኅፀን ሳለች አንድ መነኩሴ በዚያ ማኅፀን ውስጥ የሚያበራ ፀሐይ እንዳየ ይተርካል። ከዚያ በኋላ ግን ስለ ልጅነቷ የሚነግረን ጥቂት ነው፤ ወዲያው ወደ ሠርጓ ይሻገራል። ጸሐፊው ይህን ያደረገው ሳያስበው ይመስለኛል። በዚያ ዘመን የአንዲት ሴት ልጅ ታሪክ ከአባቷ ቤት ወደ ባሏ ቤት የሚወስድ አንድ መንገድ ነበርና፣ በመካከል የሚጻፍ ነገር አለ ብሎ የሚያስብ አልነበረም። ለመኳንንት ልጅ ደግሞ ጋብቻ ሁለት ኃያላን ቤቶችን የሚያስተሳስር ውል ነው። እርሷም ከዐፄ ሱስንዮስ ዋና አማካሪዎችና የጦር አለቆች አንዱ ለነበረው ለመልክዐ ክርስቶስ ተዳረች።

ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱ። ገድሉ እዚህ ላይ የሚናገረው ለማንበብ የሚከብድ ነው፤ የምትወልደው ልጅ እግዚአብሔርን የማያስደስት ከሆነ በሕፃንነቱ እንዲወስደው ትጸልይ ነበር ይለናል። ልጅ ቀብረው ከመቃብር የተመለሱ እናቶች ይህን ጸሎት በቀላሉ እንደማይቀበሉት አውቃለሁ፤ እንዲቀበሉትም አልጠይቅም። እኔ በበኩሌ እዚህ ቦታ ላይ የማየው፣ የሴት ክብር በማኅፀኗ ፍሬ ብቻ በሚመዘንበት ቤት ሦስት ጊዜ ባዶ እጇን የቀረች ወጣት ሐዘን ነው።

ዐፄ ሱስንዮስ በዚያን ጊዜ ወደ ኢየሱሳውያን አባቶች እምነት እያዘነበሉ ነበር። ይህን የሚቃወም ዐመፅ በተነሣ ጊዜ መልክዐ ክርስቶስ ሊያጠፋው ዘመተ። የ24 ዓመቷ ወለተ ጴጥሮስ ባሏ በሌለበት በስማዳ የነበረውን ቤቷን ትታ፣ በጣና መነኮሳት ረዳትነት ወጥታ ሄደች። ወደ አንድ ገዳም ደርሳም ጠጉሯን ተላጨች። ለአንዲት የተከበረች ወይዘሮ ጠጉር ማዕረጓን የሚያሳውቅ ጌጧ ነበር፤ እርሱን መላጨት ሚስት መሆኗ እንዳበቃ ያለ ቃል መናገር ነው።

መልክዐ ክርስቶስ ግን ሚስቱን ለማስመለስ የተሸሸገችበትን ከተማ ማጥፋት ጀመረ። በዚህ ጊዜ ወገኖቿና የቤተ ክርስቲያን አባቶች መጥተው እንድትመለስ መከሯት። ስለ እርሷ የሚጠፋውን ሰው አስባ ተመለሰች። በዚህ ቦታ ቆም ማለት ይገባል። በእኛ አገርም የሸሸች ልጅ ስትገኝ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ደም እንዳይፈስና ቂም እንዳይተከል እያሉ መልሰው ይሰጧታል። ዓላማቸው ሰላም መሆኑን አልክድም፤ ሆኖም ለሰላሙ ዋጋ የምትከፍለው አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ ፈቃዷንም የጠየቃት የለም።

ኋላ ግን በ1617 ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ከዐመፀኞቹ ጋር ተገደሉ። ወለተ ጴጥሮስ ባሏ በግድያው መሳተፉን ባወቀች ጊዜ ዳግመኛ ላትመለስ ወጣች፤ በ25 ዓመቷም መነኮሰች። ባልና ልጅ የነበራት እኅተ ክርስቶስ የምትባል ሌላ ወይዘሮም ቤቷን ትታ ተቀላቀለቻት፤ ሁለቱ እስከ ወለተ ጴጥሮስ ዕለተ ሞት ድረስ አልተለያዩም። አገልጋዮች ያሳደጓት የመኳንንት ልጅ በገዳም እህል እየፈጨች፣ ውሃና ማገዶ እየተሸከመች የገረድ ሥራ ትሠራ ነበር። የደጋችን ሴቶች ከሕፃንነት እስከ እርጅና የሚሸከሙትን ሸክም እርሷ በፈቃዷ መረጠችው። ማንም ያልጫነባት መሆኑ ልዩነቱ ነው።

ፓትርያርክ ሆነው የመጡት አፎንሶ ሜንዴዝ በ1625 አገራችን ደረሱ። በ1622 ያረፉት ትዕግሥተኛው አባ ፔድሮ ፓኤዝ ካደረጉት በተለየ፣ ሕዝቡ ዳግመኛ እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ ዳግመኛ እንዲካኑ፣ በዓላቱም እንዲለወጡ አደረጉ። ወለተ ጴጥሮስ ንጉሡን በአደባባይ ስለ ነቀፈች በፍርድ አደባባይ ቀረበች። እንዳትገደል የለመነላት ያ የተወችው ባሏ ነበር፤ ይህ ለመልክዐ ክርስቶስ ሊቆጠርለት ይገባል። ከዚያም በዋልድባና በሰለምት እየዞረች ማስተማሯን ስለ ቀጠለች ዳግመኛ ተከሰሰች። ሜንዴዝ ራሳቸው እንዲያሳምኗት ታዘዙ፤ አልሆነላቸውም። በሱዳን ወሰን ወዳለው ወደ ዠበይ ለ3 ዓመት ተጋዘች። በግዞትም ሳለች ስደተኞች ተሰብስበውባት የመጀመሪያው ማኅበሯ በዚያ ተመሠረተ።

እኛ ካቶሊካውያን ይህን ስናነብ የምንይዘው መልስ ተዘጋጅቶልናል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ባወጣው የሃይማኖት ነፃነት መግለጫ ማንም ሰው በእምነት ነገር በኃይል ሊገደድ እንደማይገባ አስተምሯል። ወለተ ጴጥሮስን ያስገደዷት ግን ሁለት ኃይሎች ነበሩ፤ አንዱ ስለ እምነቷ፣ ሌላው ስለ ጋብቻዋ። ስለ ሁለተኛውም ቤተ ክርስቲያናችን ዝም አላለችም። በ1983 የወጣው የላቲን ሥርዓት ሕገ ቀኖና በቁጥር 1089፣ ለጋብቻ ተብላ የተጠለፈች ወይም የታገተች ሴት ከጠላፊዋ ተለይታ፣ አስተማማኝና ነፃ በሆነ ቦታ ተቀምጣ፣ በገዛ ፈቃዷ ካልመረጠችው በቀር ከእርሱ ጋር ጋብቻ ሊጸና እንደማይችል ይደነግጋል። በሽማግሌ የተፈጸመ ዕርቅ ይህን እንቅፋት አያነሣም። አንድ መምህር ቤተሰቦች ተስማምተዋልና ጋብቻው ይባረክልን ተብሎ ሲጠየቅ ይህን ቁጥር ያስታውስ።

ነገሩ ሩቅ እንዳይመስለን፣ በ1996 በእኛው በአርሲ፣ በቀርሳ፣ የ14 ዓመት ተማሪ ተጠልፋ ጠላፊዋን በመግደሏ ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ አቁሞላት፣ ድርጊቷ ራስን መከላከል ነው ተብሎ ነፃ ወጣች። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1957 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበትን በር ይከፍት ነበር። በ2000 የወጣው የቤተሰብ ሕግ የሴት የጋብቻ ዕድሜን ከ15 ወደ 18 አሳደገ፤ በ2004 የወጣው የወንጀል ሕግም ያንን በር ዘጋው። ባህላችንም ቢሆን ለሴት መሸሸጊያ አላጣም፤ የአርሲ እናት ለምትዳር ልጇ የምትሰጣት ሲንቄ ሴቶች ግፍ ሲደርስባቸው ይዘውት ወጥተው የሚጮኹበት፣ ወንዱም የሚያከብረው በትር ነው።

ዐፄ ሱስንዮስ በ1632 ለሕዝቡ የቀድሞ እምነቱን መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ወለተ ጴጥሮስም ከእኅተ ክርስቶስ ጋር ሌሎች 6 ማኅበራትን አቋቋመች፤ አንዱ በዘጌ ነበር። ወንዶችም ሴቶችም በአመራሯ ሥር ይኖሩ ነበር። ሴት እንዴት ታስተምራለች ብለው የሐዋርያውን ጳውሎስን ቃል እየጠቀሱ ያጉረመረሙ ሊቃውንት እንደ ነበሩ ገድሉ አልደበቀም። ጉርምርምታው ከሥራዋ አላስቆማትም።

ከ3 ወር ሕመም በኋላ ኅዳር 17 ቀን፣ በአውሮፓውያን ኅዳር 23 ቀን 1642፣ በ50 ዓመቷ ዐረፈች። ገድሏን ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ በ1672 ጻፈው። በ1650 ደግሞ ዐፄ ፋሲለደስ በጣና ዳር በቆራጣ በስሟ ለተሠየመው ገዳም መሬት ሰጥተው ነበር። ያ ገዳም ከዚያ ወዲህ ለረጅም ዘመን ከንጉሥ ቅጣት የሸሸ ሰው ገብቶ የሚጠጋበት ቦታ ሆኖ ኖረ።