ቤኒቶ ሙሶሊኒ ሕዝቡን ለጦርነት እንዴት እንዳሰናዳ

ስለ ጠላት ወረራ በታሪክ ትምህርታችን የማይጨውን ጦርነትና የአርበኞችን ተጋድሎ ደጋግመን ሰምተናል። ነገር ግን ኢትዮጵያ በካርታ ላይ የት እንዳለች በቅጡ የማያውቀው የኢጣልያ ገበሬ ልጁን ወደዚህ ሩቅ አገር ለመላክ እንዴት ፈቃደኛ እንደ ሆነ እምብዛም አንጠይቅም። ስለዚህ ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት የቤኒቶ ሙሶሊኒን ታሪክ መርጠናል። ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ሙሶሊኒ በሐምሌ ወር 1875 ዓ.ም. በሰሜን ኢጣልያ በፕሬዳፒዮ ተወለደ። አባቱ ብረት ቀጥቃጭና ጽኑ ሶሻሊስት፥ እናቱ የትምህርት ቤት አስተማሪ ነበሩ። እርሱም የመምህርነት ምስክር ወረቀት ተቀብሎ ለጥቂት ጊዜ ልጆችን አስተምሯል። ዳሩ ግን ዕድሉ የተጻፈው በጋዜጣ ላይ ነበረ።

በ1904 ዓ.ም. ኢጣልያ ሊቢያን ለመያዝ ስትዘምት ይህ ሰው ጦርነቱን አጥብቀው ከተቃወሙት አንዱ ነበረ ብንል የማያምነን ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን እውነት ነው፤ በዚሁ ምክንያት ለወራት ታስሯል። ከእስር ቤት ከወጣ በኋላ በ1905 ዓ.ም. አቫንቲ የተባለው የሶሻሊስቶች ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ሆነ፤ የጋዜጣውም ገዢ በእርሱ ጊዜ በጣም በዛ። ታላቁ የአውሮፓ ጦርነት በተነሣ በጥቂት ወር ውስጥ፥ በ1907 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፥ ሐሳቡን ገልብጦ ኢጣልያ ወደ ጦርነቱ እንድትገባ መወትወት ጀመረ። ማኅበሩ አባረረው። እርሱም ኢል ፖፖሎ ዲታልያ የሚባል የራሱን ጋዜጣ አቆመ። ገንዘቡን የሰጡት ጦርነቱን የሚፈልጉ ባለ ፋብሪካዎችና ፈረንሳዮች ነበሩ፤ ኋላም የእንግሊዝ የስለላ ክፍል በየሳምንቱ 100 ፓውንድ ይከፍለው እንደ ነበረ ከሰነድ ተገኝቷል። ሕዝብ በራሱ ጦርነትን ባይሻም እንዲሻ ማድረግ እንደሚቻል ሰውየው በዚህ ጊዜ የተማረ ይመስለናል።

በ1915 ዓ.ም. የመንግሥቱን ሥልጣን ያዘ። ከዚያ በኋላ የተቃዋሚ ጋዜጦች አንድ በአንድ ተዘጉ፤ ለቀሩትም ምን እንደሚጽፉና ምን እንደማይጽፉ፥ የትኛው ወሬ በትልቁ የትኛውም በትንሹ እንደሚወጣ የሚያዝዝ ወረቀት ይላክላቸው ጀመር። ሲኒማ ቤቶችም ሉቼ የተባለው የመንግሥት ድርጅት ያነሣውን የወሬ ፊልም እንዲያሳዩ በሕግ ተገደዱ። በ1927 ዓ.ም. በሰኔ ወር ራሱን የቻለ የጋዜጣና የፕሮፓጋንዳ ሚኒስቴር ተቋቁሞ ለሴት ልጁ ባል ለጋሌያትሶ ቻኖ ተሰጠ። እንግዲህ ጦሩ መረብን ሳይሻገር ወሬው አስቀድሞ ዘምቶ ነበር ማለት ነው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ኢጣልያ ኢትዮጵያ ያልሠለጠነችና የባሪያ ንግድ ያለባት አገር ናት ብላ ለመንግሥታት ማኅበር ወፍራም መዝገብ አቀረበች። ባርነት በአገራችን ገና ፈጽሞ አለመጥፋቱ እውነት ነበረ፤ ይህንን መደበቅ አይገባንም። የኢጣልያ ሕዝብ ግን ባርነትን ለማጥፋት አዋጅ መታወጁንና ቢሮ መቋቋሙን አልሰማም፤ የሚሰማው ግማሹን ብቻ ነበረ። መስከረም 21 ቀን 1928 ዓ.ም. የከተሞቹ ደወልና የማስጠንቀቂያ ፉጨት ተደውሎ ሕዝቡ በየአደባባዩ ተሰበሰበ፤ ሙሶሊኒ በሮማ ከሰገነቱ ላይ ሆኖ ስለ አድዋ አርባ ዓመት መታገሣቸውን ሲናገር በድምፅ ማጉያ ተሰማ። በማግስቱ ጦርነት ሳይታወጅ ወታደሩ ድንበራችንን ጣሰ። በኢጣልያ ትምህርት ቤቶችም የኢትዮጵያ ካርታ ተሰቅሎ፥ ከተማ በተያዘ ቍጥር ልጆቹ ትንንሽ ባንዲራ ይሰኩበት ነበር። እነዚያ ልጆች በዕድሜ እንደ እኛና እንደ ታናናሾቻችን ነበሩ።

የመንግሥታት ማኅበር በኢጣልያ ላይ የንግድ ቅጣት ሲጥል ነዳጅ ዘይቱን ትቶላት ነበር። ሙሶሊኒ ግን ይህን ደካማ ቅጣት ለጥቅሙ አዋለው። ዓለም ሁሉ በድሃይቱ ኢጣልያ ላይ ተነሣ ተብሎ ተሰበከ፤ በደሉንም የሚያስታውስ የድንጋይ ጽሕፈት በየከተማው አዳራሽ ላይ እንዲተከል ታዘዘ። ታኅሣሥ 8 ቀን ንግሥት ኤሌና የጋብቻ ቀለበቷን በሮማ አደባባይ ሰጠች፤ ሴቶቹም ተከትለው የወርቅ ቀለበታቸውን እየሰጡ በምትኩ የብረት ቀለበት ተቀበሉ። ደራሲው ፒራንዴሎ የኖቤል ሜዳልያውን ሰጠ። የፋሺስቶች ተቃዋሚ የነበረው ፈላስፋው ቤኔዴቶ ክሮቼ እንኳ የሴናተርነት ሜዳልያውን አበረከተ። ቀለበቷን የሰጠች እናት የልጇን ጦርነት ክፉ ነው ለማለት ምን ያህል እንደምትቸገር አንባቢ ይገምት።

በዚህ ሁሉ ጩኸት መካከል ያልተነገረ አንድ ነገር ነበረ። ሙሶሊኒ በጥቅምት ወር ለግራዚያኒ፥ በታኅሣሥ ወር ደግሞ ለባዶሊዮ በመርዝ ጋዝ እንዲጠቀሙ ፈቀደ፤ ይህም ኢጣልያ ራሷ በፈረመችው የጄኔቭ ውል የተከለከለ ነበረ። በተከዜ ዳር በራስ እምሩ ጦር ላይ፥ ኋላም በሌላው ግንባር ሁሉ መርዙ ከአውሮፕላን ወረደ። በታኅሣሥ ወር አንድ ኢጣልያዊ አብራሪ በኦጋዴን ተይዞ ሲገደል የኢጣልያ ጋዜጦች ይህን በሰፊው ጻፉ፤ ጋዙም የዚህ በቀል ነው ለማለት ተሞከረ። ፈቃዱ ግን ከሁለት ወር በፊት የተሰጠ ነበረ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይህን በጄኔቭ ሊናገሩ ሲቆሙ የኢጣልያ ጋዜጠኞች ከላይ ሆነው እያፏጩ አወኩ፤ ፖሊስም አስወጣቸው።

የቀረው ባጭሩ ይነገራል። በ1932 ዓ.ም. አገሩን ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አስገባ፤ ቦምቡና ረኃቡ በራሳቸው ቤት ስለ ደረሰ ራዲዮው ሊሸፍነው አልቻለም። በሐምሌ ወር 1935 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረደ፤ ጋዜጣውም በዚያው ወር ታተመና ቆመ። ሚያዝያ 20 ቀን 1937 ዓ.ም. ሊሸሽ ሲሞክር በኮሞ ሐይቅ አጠገብ የገዛ አገሩ አርበኞች በጥይት ገደሉት።

የጋዙ ነገር ግን ከእርሱ ሞት በኋላም ሲካድ ኖረ። የኢጣልያ የመከላከያ ሚኒስቴር ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው። በወጣትነቱ በፈቃዱ ወደ ኢትዮጵያ የዘመተው ታዋቂው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ፥ እኔ እዚያ ሳለሁ ጋዝ አላየሁም በማለት ለብዙ ዘመን ሲከራከር ቆይቶ፥ ሰነዱ ሲወጣ መሳሳቱን በጋዜጣ ጻፈ። በዚያ ጊዜ ዕድሜው ከሰማንያ አልፎ ነበር።